ታዳሚ ከየት ይመጣል? ከናጉሩ ኮረብታ ሥር

በኡጋንዳ ርዕሰ ከተማ በካምፓላ፣ ከመሐል ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲያመሩ ናጉሩ የተባለ ኮረብታ ይገኛል። ከፍ ባለው ወገን ዛፍ የከበባቸው ሰፋፊ ቤቶች አሉ፤ የአገሪቱ ፖሊስ ጠቅላይ መሥሪያ ቤትም የሚገኘው እዚሁ ናጉሩ ውስጥ ነው። ዝቅ ባለው ወገን ደግሞ ጣሪያ ከጣሪያ የተጣበቀበት፣ የቀን ሠራተኛው፣ ቸርቻሪውና የሞተር ብስክሌት አመላላሹ የሚኖርበት ሠፈር ይታያል። ትንሽ ወረድ ሲሉ ሉጎጎ ነው። ትላልቅ የሙዚቃ ትርዒቶች የሚቀርቡበት የክሪኬት ሜዳ፣ የቤት ውስጥ ስታዲየሙና የንግድ ትርዒት ግቢው በዚያ ይገኛሉ።

ከዚህ ሠፈር የበቀሉ አምስት ወጣቶች አንድ ባንድ አቋቋሙ እንበል። ስም ልናወጣላቸው አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባም፣ በደሴም፣ በጎንደርም እንደ እነርሱ ያሉ ሞልተዋል። ሁለቱ ጊታር፣ አንዱ ኪቦርድ፣ አንዱ ድራም ይጫወታሉ፤ አንዲት ድምፃዊት አለቻቸው። ግማሽ ዓመት ያህል ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ተለማምደዋል። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ዘፈኖችን ያለ ስሕተት ይጫወታሉ። ይሁን እንጂ ልምምዱ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ከፊታቸው ይደቀናል፤ ይህን ሁሉ ማን ይስማው? የበዓል ማታ ከሉጎጎ የሚወጣው የድምፅ ማጉያ ጩኸት እስከ ደጃቸው ይደርሳል። በዚያ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቆሟል። ከእነርሱ ደጅ ግን ከሦስት ሕፃናትና ከአንድ የጋራዥ ዘበኛ በቀር ቆሞ የሚያዳምጥ የለም።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ አዳዲስ ባንዶች የሚፈጽሙት ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ገንዘብ አዋጥተውና ተበድረው ሰፊ አዳራሽ ይከራያሉ፣ ድምፅ ማጉያ ያስመጣሉ፣ በየግድግዳው ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። በተባለው ምሽት አዳራሹ እኩሌታው ይሞላል። ወጣቶቹም ተሳካልን ብለው ይደሰታሉ። በሁለተኛው ወር ይህንኑ ቢደግሙት ግን የሚመጣው ሰው ከሙዚቀኞቹ ቁጥር እምብዛም አይበልጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ታዳሚ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ለሠርግ ይመጣል እንጂ በየወሩ አይመጣም። ብድሩ ሳይከፈል ጊታሩ ይሸጣል፣ ባንዱም ይፈርሳል። ብዙ መልካም ሙዚቀኞች በዚህ መንገድ ጠፍተዋል።

ካምፓላ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ አንድ ባንድ አላት። ስሙ አፍሪጎ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ክሬንስ ከተባለው ባንድ በወጡ ሙዚቀኞች የተቋቋመ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው የሳክስፎን ተጫዋቹና ድምፃዊው ሞሰስ ማቶቩ ለዐሥርት ዓመታት መርቶታል። የተቋቋመበት ዘመን የኢዲ አሚን ዘመን ነበር። በኤፕሪል 1979 የታንዛንያ ጦርና አብረውት የተሰለፉት ኡጋንዳውያን ስደተኞች ካምፓላን ሲይዙ ከተማዪቱ ተዘርፋለች። ከዚያ በኋላም እስከ 1986 ድረስ መንግሥት መንግሥትን እየተካ፣ ጦርነት ጦርነትን እየወለደ ቆየ። በዚህ ሁሉ መካከል አፍሪጎ አልተበተነም። በ2025 ኀምሳ ዓመት ሞልቶታል።

ለዚህ ዕድሜ ያበቃው የሙዚቀኞቹ ችሎታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ችሎታ ያላቸው ሌሎችም ነበሩ። አፍሪጎ ግን ቤት ነበረው። በአሮጌው የፖርት ቤል መንገድ የሚገኘው ክለብ ኦብሊጋቶ የተባለው የምሽት ክበብ ለብዙ ዓመታት የባንዱ መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። በመሆኑም የካምፓላ ነዋሪ «አፍሪጎ ዛሬ የት ይጫወታል?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። ከመሥሪያ ቤት የወጣው ጸሐፊ፣ ከገጠር የመጣው ነጋዴ፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት የተመለሰው ተማሪ፣ እግሩ ወደዚያው ይመራው ነበር። ባንዱ ከአልበሞቹ ለአንዱ የሰጠው ስም ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ «አፍሪጎ ባቱሴ» በሉጋንዳ ቋንቋ አፍሪጎዎች መጡ ማለት ነው። ስሙን በገዛ ራሱ ዜማ ውስጥ ያስገባ ባንድ፣ ጨፋሪው ሁሉ ሳይከፈለው የማስታወቂያ ሠራተኛ ይሆንለታል።

ድምፃውያኑ ሲመጡና ሲሄዱ ቤቱ አልተዘጋም። ከአፍሪጎ ጋር ዘፍና ስም ያተረፈችው ሬቸል ማጎላ በኋላ በግሏ መሥራት ጀመረች፤ በ2021 ደግሞ የሕዝብ እንደራሴ ሆና ተመረጠች። ባንዱም ሌላ ድምፃዊ አቁሞ ጨዋታውን ቀጠለ። ታዳሚው የለመደው አንድን ፊት ብቻ ሳይሆን ምሽቱን ራሱን ስለ ነበር ነው።

ለናጉሩ ወጣቶች የሚበጀው ምክር እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። አዳራሹን ትተው አንድ ትንሽ ቤት ይፈልጉ። ሰባ ሰው የሚይዝ መጠጥ ቤት ሠላሳ ሰው ሲገባበት የሞቀ ይመስላል፤ ሠላሳ ሰው በአንድ ሺህ ሰው አዳራሽ ውስጥ ግን ሐዘን ነው። ቀጥሎም ዓርብንና ቅዳሜን አይጠይቁ። ዓርብና ቅዳሜ ስም ላላቸው የተያዙ ናቸው። የመጠጥ ቤት ባለቤት የሚቆጥረው ጠርሙስ እንጂ ጭብጨባ አይደለም፤ ስለዚህ ጠርሙስ የማይከፈትበትን ረቡዕን ቢለምኑት የሚያጣው ነገር ስለሌለ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ረቡዕን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት። ዝናብ ቢዘንብ ረቡዕ ነው፤ ድምፃዊቷ ብትታመም ያለ ድምፃዊት ረቡዕ ነው፤ አራት ሰው ቢመጣ ለአራት ሰው እንደ አራት መቶ ሰው ይጫወታሉ። ከአራቱ አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጓደኞቹን ይዞ የሚመጣው፣ ባለፈው ሳምንት ባንዱ ሰው የለም ብሎ ቶሎ ስላልዘጋ ነው።

ይህ ከአየር የተወሰደ አሳብ አይደለም። ከናጉሩ ብዙም በማይርቀው በንቲንዳ አካባቢ እስጢፋኖስ ርዋንግዬዚ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመው ንዴሬ የተባለው የባህል ጭፈራ ቡድን ማዕከሉን ሠርቶ ረቡዕን፣ ዓርብንና እሑድን የትርዒት ምሽት አድርጎ ቆይቷል። እሑድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። መሥራቹ ራሱ በጭፈራዎቹ መካከል ቆሞ የእያንዳንዱን ጎሣ ዘፈን ትርጉም በቀልድ እያዋዛ ያስረዳል፤ አንዳንዱ ሰው የሚመጣው ከከበሮው ይልቅ ለጨዋታው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዳዲስ ባንዶች ይህን አይስቱት። በሁለት ዘፈን መካከል ያለው ዝምታ ታዳሚ የሚሸሽበት በር ነው። ጊታሩ ሲቃኝ የሚናገር፣ እንግዳውን በስም የሚቀበል፣ ልደቱ የሆነውን የሚያስጨበጭብለት አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ከባንዱ መካከል ሊኖር ይገባል።

እኛም ብንሆን ይህ ታሪክ እንግዳችን አይደለም። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ንብረት ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ቴአትር ቤቶቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያው የመንግሥት፣ ታዳሚውም በበዓል ቀን ተሰልፎ የሚመጣ ነበር። የወታደር ባንድ ታዳሚ ፍለጋ አልተቸገረም፤ ታዳሚውን ያሰለፈለት ትእዛዝ ነውና። ነገር ግን የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች እንኳ ከሥራ ሰዓት ውጭ አሪዞና በተባለው ክበብ ይጫወቱ ነበር፤ እዚያ የመጣው ሰው በገዛ ፈቃዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ድምፃውያኑ ሲቀሩ፣ በክበቡ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ያ ወጣት ማሕሙድ አሕመድ ነበር። በበዓል ሰልፍ መካከል ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። በሩ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ግን ሆነ። ለዚህ ነው አዲስ ባንድ ከምሽቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ለሌላ ሰው መልቀቅ ያለበት። መድረክ ላይ የወጣ የሠፈር ልጅ ዐሥር ጓደኛ ያስከትላል።

ከመሥሪያ ቤት ነጻ የሆኑት ባንዶች ሲመጡ ሆቴሎቹ ቤት ሆኗቸው። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ተተከሉ። ዋልያስን ለየት የሚያደርገው፣ መሣሪያው የክበብ ባለቤት ንብረት በሆነበት ዘመን የራሱን መሣሪያ ገዝቶ መያዙ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰለን። መሣሪያው የባለቤቱ የሆነ ባንድ ቤቱን ሲለቅ ባዶ እጁን ይወጣል። በሒልተን ደግሞ ምሽቱን ከፋፍለው ይጫወቱት ነበር፤ በእራት ሰዓት ለእንግዶችና ለዲፕሎማቶች ለስለስ ያለ የመሣሪያ ሙዚቃ፣ ሌሊቱ ሲገፋ ግን የጭፈራ ዘፈን። ሰው ገና እየበላ ሳለ ጣሪያ የሚያነቃንቅ ከበሮ የሚመታ ባንድ እስከ ጭፈራው ሰዓት የሚቆይ ሰው አያገኝም።

ከዚያም ሰዓት እላፊው መጣ። በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ነዋሪ ከተወሰነው ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አይችልም ነበር፤ የጊዜውን ሁኔታ ወታደሩም ሲቪሉም ያስታውሰዋል። የምሽት ሙዚቃ በዚሁ ያበቃለታል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር። ሆኖም ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱ እስከ ንጋት ይጫወት ጀመር። ታዳሚው በውስጥ ተቆልፎ ያድር ነበር ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ከአንድ ባንድ ጋር ያደረ ሰው ባንዱን እንደ ዘመዱ ይቆጥረዋል። የአንድ ትውልድ አድማጭ የተሠራው በእነዚያ ሌሊቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሲጓዝና ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ሲቀሩ ባዶውን የቀረው መድረኩ ብቻ አልነበረም።

ካምፓላም የዚህ ዓይነት ጊዜ አይታለች። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት የተዘጉት መጠጥ ቤቶችና የሙዚቃ መድረኮች የተከፈቱት በጃንዋሪ 2022 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ተቆልፎ ማደር አልነበረም፤ በሩ ራሱ ተዘግቷል። በየሳምንቱ በሚገኝ ገንዘብ የሚኖረው ሙዚቀኛ መሣሪያውን ሸጦ ሌላ ሥራ ያዘ። የተመለሰው ማን ነው ቢባል፣ ታዳሚው የት እንደሚገኝ የሚያውቀው፣ የታዳሚውንም ስልክ ቁጥር በደብተሩ ይዞ የቆየው ነው። ደብተር ስንል ቀልድ አይደለም። ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ የመጣውን ሰው ስምና ስልክ እየጠየቀ የሚጽፍ አንድ አባል ለባንዱ ከሁለተኛ ጊታር ይልቅ ይጠቅመዋል። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ምስል ማየት ስለሚችል ብዙ ወጣቶች ይህ ብቻውን ይበቃል ይላሉ። በስልክ የተመለከተ ሰው ግን ገና ታዳሚ አልሆነም፤ ከቤቱ ወጥቶ፣ የታክሲ ከፍሎ፣ በር ላይ ሲደርስ ነው ታዳሚ የሚባለው።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ናጉሩ ከቀድሞ ጀምሮ የአንድ ወገን ሠፈር አልነበረም። በቅኝ ግዛቱ ዘመን መጨረሻ፣ በ1950ዎቹ፣ ለአፍሪካውያን ሠራተኞች ተብለው በናጉሩና በጎረቤቱ በናካዋ የተሠሩት የኪራይ ቤቶች ከኡጋንዳ ልዩ ልዩ ክፍሎችና ከኬንያ የመጡ ሰዎችን አሰባስበው ነበር። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ዴቪድ ፓርኪን ስለዚሁ የካምፓላ ምሥራቃዊ ክፍል በ1969 መጽሐፍ አሳትሟል። በቀጣዩ ዓመት የኡጋንዳ መንግሥት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኬንያውያን ሠራተኞችን ባስወጣ ጊዜ ብዙ ጎረቤት ተለያየ። እንግዲህ በዚህ ሠፈር የሚጫወት ባንድ በየትኛው ቋንቋ ይዝፈን? ሉጋንዳ የከተማዪቱ ቋንቋ ነው፤ አፍሪጎም በአብዛኛው የዘፈነው በእርሱ ነው። ስዋሂሊ በኡጋንዳ ለረጅም ጊዜ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ቋንቋ ሆኖ ኖሯል፤ ፖሊስ በሞላበት ናጉሩ ውስጥ ይህ ሊናቅ አይገባም። ከሰሜን የመጣው አቾሊ ደግሞ የራሱን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰማ ከወንበሩ ይነሣል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ሁሉን ለማስደሰት በእንግሊዝኛ ብቻ የሚዘፍን የሠፈር ባንድ ማንንም አያስነሣም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በአገራችን ክፍላተ ሀገር ታይቷል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ ብዙዎቹ መፈክር በዜማ ከመድገም አላለፉም ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሳቸውም ጥቂት ነው። የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ግን ስማቸው ዛሬም ይጠራል። የየአገሩን ዜማ፣ የየአገሩን እስክስታ ይዘው ቀርበዋልና። ማሪቱ ለገሰ የወሎን ቅኝት ይዛ ስትቆም፣ የደሴው አድማጭ እናቱ ቤት የሰማውን ዜማ በመድረክ ላይ አገኘው። ቡድኑን ያቋቋመው መመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከቤቱ ያወጣው ግን መመሪያው አይደለም።

አዲሱ ባንድ በካምፓላ የሚገጥመው ሌላ ተፎካካሪ አለ፤ ይኸውም የተቀረጸ ድምፅ ነው። ስም ያተረፈ ዘፋኝ ያለ አንድ ሙዚቀኛ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሲዲው እየተጫወተ ማይክሮፎን ይዞ መወዛወዝ በከተማዪቱ የተለመደ ነው። እንዲያውም የሌላ ሰው ዘፈን ተከፍቶ ከንፈር እያንቀሳቀሱ የሚጨፍሩ፣ ካሪዮኪ የሚባሉ ቡድኖች የራሳቸውን ተመልካች አፍርተዋል። ርካሽ ነው፤ አምስት ሙዚቀኛ፣ ጊታርና ድራም ማጓጓዝ አያስፈልገውም። ወጣቶቹ በዚህ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የተቀረጸ ሙዚቃ አያይም፤ ባንድ ያያል። ጨፋሪው ሲሞቅ ዘፈኑን ሁለት እጥፍ ማስረዘም፣ ሲደክም ማለዘብ፣ በር ላይ የቆመው ሲያመነታ ዜማውን ለውጦ መሳብ የሚችለው ባንድ ብቻ ነው። ጀማሪ ባንድ ይህን ካላደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈኑን በተለማመደው ልክ ብቻ ከጨረሰ፣ ከሲዲው በምን ተሻለ?

ስለ ሰዓትም አንድ ቃል እንጨምር። ባጋንዳዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ነው፤ ፈረንጅ ስምንት ሰዓት የሚለው የምሽት ሰዓት ለእነርሱም ሁለት ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ካለ በሁለት ሰዓት ይጀመር። ከፊተኞቹ መካከል በሰዓቱ የመጣ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ የገመድ ቅጠላ ሲመለከት ቢቆይ ዳግመኛ አይመጣም። የመጨረሻው ዘፈንም ታክሲ ሳይጠፋ ይለቅ። በሚቀጥለው ቀን ሥራ ገቢ የሆነን ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ለሞተር ብስክሌት እጥፍ ዋጋ ያስከፈለ ምሽት፣ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ሁለተኛ አይለመድም።

የቀረው ነገር ቤቱ ሲፈርስ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ይህም ለናጉሩ ሰው የሩቅ ፍርሃት አይደለም። በጁላይ 2011 እነዚያ የናጉሩና የናካዋ የኪራይ ቤቶች ለአዲስ የከተማ ግንባታ ተብለው ፈረሱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ተሸክመው ወጡ። መሬቱ ግን ለብዙ ዓመታት በክርክር ሥር ቆየ። ሦስትና አራት ዐሥርት ዓመታት አብሮ የኖረ ጎረቤት በአንድ ሳምንት ተበተነ፤ ከርሱም ጋር በዚያ ሠፈር ለሚጫወት ሁሉ ታዳሚ የሚሆነው ሰው። በአዲስ አበባም ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲፈርስ፣ ጨፋሪው መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንሥቶ የባህል ማዕከል ያደረገው ፈንድቃ አብሮ ፈርሷል። መላኩ ግን ጨዋታውን አላቆመም፤ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ተሻግሮ ቀጠለ፣ የለመደውም ሰው ተከተለው።

ናጉሩ ያሉት አምስቱ ወጣቶች፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ቤቱን ሸጫለሁ ቢላቸው፣ የሚያደርጉት ይኸው ነው። ጊታሩና ከበሮው የራሳቸው ነው፤ ደብተሩም በእጃቸው ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ወይም ወደ ቡኮቶ፣ ወይም ወደ ንቲንዳ ሄደው፣ ጠርሙስ የማይከፈትበት ምሽት ያለውን ሌላ ቤት ይፈልጋሉ። ባለቤቱ ሰኞን ልስጣችሁ ቢላቸው እንኳ አመስግነው ይመለሱና ረቡዕን የሚሰጣቸውን ይጠይቃሉ። ከዚያ በደብተሩ ላለው ሰው ሁሉ እየደወሉ የሚነግሩት የቤቱን ስም ብቻ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ያውቀዋል።